መርዶ እስኪነገር ይቆይ

በእኛ በቤተ እስራኤል ሰው ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ወሬውን መጨረሻ ላይ የሚሰማው የሟቹ የቅርብ ዘመድ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፤ ይመካከራሉ፤ ማን ሄዶ እንደሚያረዳ ይመርጣሉ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ የሚነገረው ማታ እራቱን ደህና አድርጎ ለበላ ሰው ነው፤ ሐዘኑ ከገባ በኋላ መቼ እህል እንደሚቀምስ አይታወቅምና። ወላጆቻችን ይህን ሥርዓት ከጎንደር ይዘውት መጡ፤ እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማም ላይ አልጣሉትም። እኔ ደግሞ ሰርቨር ሠራሁለት።

ያን ጊዜ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከፈረቃ ሠራተኞች ጋር በአንድ አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ እነሱ ወደ ፋብሪካውና ወደ መጋዘኑ፣ እኔ ኮምፒውተር ወደሞላበት ፎቅ። የአውቶቡሱ ወሬ ግማሹ አማርኛ ነው። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመች፣ በጽዳት የምትሠራ ሴት ስልኳን አየችና ጮኸች። አንድ የሩቅ ዘመዷ «ለወንድምሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ጽፎላታል። ወንድሟ መሞቱን ያወቀችው ከዚያ ነው፤ በአውቶቡስ መተላለፊያ ላይ፣ የሥራ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች። ሾፌሩ አቆመ። የማናውቃት ሰዎች ደግፈን አወረድናት። ከእኛ ውስጥ ወንድሟን በዓይኑ ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

ያ ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያዘንኩት ለእሷ ብቻ አይደለም፤ እኔም ጎንደር ውስጥ ሰው ነበረኝ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት። እናቴና አባቴ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር ተነሥተው አዲስ አበባ ሲገቡ እኔ ጨቅላ ነበርኩ፤ ኩፍኝም ወጥቶብኝ ነበር። አክስቴ «ይሻላት፤ እኔ ይዣት እመጣለሁ» ብላ አስቀረችኝ። እሷ ግን ያገባችው ክርስቲያን ነበርና የመግቢያ ፈቃዱ አልመጣ አላት፤ እኔም ከጉያዋ ሳልወጣ ዓመታት አለፉ። ያሻረችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ጠጉሬን የሠራችኝ እሷ ናት። ለእኔ ብቻ ፈቃድ የመጣው ኮረዳ ከሆንኩ በኋላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዲት ሴት ስታለቅስ አየሁ፤ እናትሽ ናት አሉኝ። ጉልበቷን ሳምኩ። እማዬ የምለው ግን ጎንደር የቀረችውን ነበር። ወላጅ እናቴን እንደ ጎረቤት ሰው «እታለም» ብዬ ጠራኋት፣ እንደዚያው ቀረ። ቅር ይበላት አይበላት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አባቴ ካረፈ፣ ወንድሞቼም አግብተው ከወጡ በኋላ ኤን ጋኒም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤት እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እሷ ክፋር አቭራሃም በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች፤ ታበላታለች፣ ታጥባታለች፣ መድኃኒቷን ትሰጣታለች። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ወደ ጎንደር እንደውላለን። መጀመሪያ እናቴ ታወራለች፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኝና ማድቤት ገብታ ዕቃ ታጥባለች። ያን ያህል የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። አክስቴ በኋላ በኋላ ድምፅዋ እየሰለለ፣ ሳሏም እየበረታ ሄደ። የምፈራውን አውቀው ነበር። ሞት ለማንም አይቀርም። እኔም እናቴም እንደዚያች ሴት አውቶቡስ ላይ ቆመን እንዳንሰማው ብቻ ነበር ጸሎቴ።

የሰፈራችንን ትልቁን ሽማግሌ ያገኘኋቸው የዚያችው የአውቶቡስ ሴት ለቅሶ ቤት ነው። በአገራቸው ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋብሪካ ያገለገሉ ሰው ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ማሕሼቭ ታውቂያለሽ ይላሉ።»

«ኮምፒውተር ነው ሥራዬ፣ አባ።»

«እንግዲያ መላ ፍጠሪ። ልጆቹ ሁሉ በፔሌፎን ነው የሚጻጻፉ። ክፋት የላቸውም፤ ለቅሶው የት ነው ለማለት ነው። ግና ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። እኛ በር ስናንኳኳ ሰዉ አልቅሶ ጨርሶ ይጠብቀናል። ይኸ ደግ ነው?»

ደግ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ ተነጋገርን። ሰው ሁሉ የሚያምነው አንድ ድረ ገጽ ይኖራል፤ ማን እንዳረፈ፣ ለቅሶው የት ከተማ፣ የት ቤት እንደሆነ ከዚያ ይነበባል። እዚያ ያልወጣ የሞት ወሬ በስልክ እንዳይጻፍ ቄሶቹ ለሕዝቡ ይናገራሉ። ገጹ ግን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌዎቹ በጻፉ ቁጥር መለወጥ፣ ማን እንደገባ ማወቅ፣ ለአንዱ የሚያሳየውን ከሌላው መደበቅ አለበት። ለዚህ ደግሞ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ገጹን ይዞ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር።

ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ማዘጋጃ ቤቱ ባዋሳቸው ሚቅላት ውስጥ ነው፤ ለጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ ተብሎ የተሠራ ምድር ቤት። የለቅሶ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ ትልልቅ ድስቶች ከግድግዳው ጋር ተደርድረዋል። ከመሥሪያ ቤቴ ሊጣል የነበረ አንድ ኮምፒውተር አስፈቅጄ ወሰድኩና ፋኑን ቀየርኩለት። በክረምት ወለሉ ውሃ ስለሚያስገባ ከድስቶቹ በላይ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። የሚወዱኝ ሰዎች ሲያዩት ሳቁብኝ።

መጀመሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ ጫንኩ። ከዚያ ገጹን ለጠየቀ ሁሉ የሚያቀብለውን ፕሮግራም፣ ከዚያ ስሞቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ፣ በመጨረሻም ሁለቱን የሚያነጋግረውን ፒኤችፒ። ሲነገር አንድ ትንፋሽ ነው። ሲሠራ ግን አንዱ ሌላውን አላውቅህም ይላል፤ የተኮራረፉ ባልና ሚስት ማስታረቅ ይቀላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልተፈጠረብኝም፤ መደርደሪያውን በቡጢ እየመታሁ እሳደባለሁ። ሽማግሌው ከሥራ በኋላ በሄድኩ ቁጥር አንድ የለቅሶ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሄደው እንዲያርፉ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ሰው ሲሠራ ብቻውን አይተውም ይላሉ።

«አሁን ደግሞ ምን አለሽ?»

«ፈቃድ የለሽም ይለኛል፣ አባ።»

«እሱም እንደ መንግሥት ፈቃድ ይከለክላል በይኝ!»

ሁሉም ሥራውን ከጀመረ በኋላ ለሙከራ የአንድ ሟች ስም እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። የአባታቸውን ስም ሰጡኝ፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ጻፍኩና ገጹን ከፈትኩት። በስሙ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ወጣ። ዳታቤዙ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀልዱም ሳቁም ከፊታቸው ጠፋ።

«አባቴ ቄስ ነበሩ። ደምቢያ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጥያቄ አይደሉም። አስተካክይው።»

ዳታቤዙን፣ ገጹን፣ በሁለቱ መካከል ያለውንም መስመር ፊደላችንን አስተማርኳቸው። አንዱ ከቀረ ጥያቄው ይመለሳል። ስሙ በአማርኛ ተስተካክሎ ሲወጣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ለምን እንደቆሙ ስለገባኝ እኔም ተነሣሁ።

ዋናው ሥራ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ስም ሲገባ ሁለት ምርጫ አለው፤ «ይቆይ» እና «ይውጣ»። ከየትም አገር የሞት ወሬ ሲደርስ ሽማግሌው ስሙን ያስገቡና «ይቆይ» ይሉታል። ያኔ የይለፍ ቃል ያላቸው ሽማግሌዎች ብቻ ያዩታል፤ መርዶውን ማን እንደሚረዳና ማን ሄዶ እንደሚያረዳ እዚያው ይነጋገራሉ። መርዶው ተነግሮ የመጀመሪያው ለቅሶ ሲወጣ «ይውጣ» ይሉታል፤ ያኔ ለሕዝብ ይታያል።

«ይቆይ ያልኩትን ሌላ ሰው አያይብኝም?»

«ማንም አያይም፣ አባ።»

«በሰደር፣ ደህና። ያላ፣ በይ መጻፉን አሳይኝ።»

አሳየኋቸው። በአንዲት ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ፤ ስቸኩልባቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። ገጹም ቀስ በቀስ ሄደ። ሰዉ ለመደው። ነታንያ ከተማ አንድ ቤት መርዶ ሲነገር ሽማግሌው ደጁ ላይ ቆመው ስልካቸውን አወጡ፤ ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ከየከተማው በመጣ ለቀስተኛ ሞላ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድም ወሬ አላፈተለከም። ያቺ የአውቶቡስ ሴት እዚያ አግኝታኝ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ኮራሁ። በሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አሮጌ ማሽን ነውና አላምነውም ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሰጉላ ካለው ጠረጴዛዬ ሆኜ ሰርቨሩን አየዋለሁ፤ ሞልቷል ወይ፣ ሞቋል ወይ፣ የዳታቤዙ ቅጂ ተቀምጧል ወይ። ቅጂው ደህና መሆኑን ለማወቅ የመጨረሻዋን መስመር እከፍታለሁ። አንድ ረቡዕ ቀን እንደ ልማዴ ከፈትኳት።

የአክስቴ ስም ነበር። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፤ አንድ ፊደል ሳይጎድል ጥርት ብሎ። ያረፈችበት ጎንደር። መርዶዋን የሚረዳ ሰው፣ ልጇ፣ ፔታህ ቲክቫ። ይቆይ።

ልጇ ያሉት እኔን ነው። ማንም አያይም ብዬ ለሽማግሌው ስነግራቸው ራሴን አልቆጠርኩም ነበር። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ሁሉንም ያያል፤ ሥራው ነውና። ከእኔ ሌላ ይህን የሚያውቅ አልነበረምና ሽማግሌው አምነውኝ ጻፉት። ከጀርባዬ ያለች የሥራ ባልደረባ በዕብራይስጥ ማተሚያው ተስተካክሏል ወይ አለችኝ። «በሰደር» አልኳት። ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ምሳውን ያሞቃል። እማዬ ሞታለች፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ በክንዴ አፌን አፍኜ አለቀስኩ። ለማን ልደውል? ከሽማግሌዎቹ ላንዱ ብናገር ሥርዓቱን አፈረስኩት። ለወንድሞቼ ብነግር አንደኛው ሮጦ ለእናቴ ይደውላል። እሷ ክፋር አቭራሃም ሥራ ላይ ናት፤ የገዛ እህቷን ሞት የሰው አሮጊት ደግፋ እንደያዘች ልትሰማ ነው። ጠዋት እንደሚመጡ አውቃለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ማታ አበላታለሁ፣ አስተኛታለሁ፤ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ማተሚያውን ጠገንኩት።

ስመለስ እናቴ የምትወደውን የተጠበሰ ዶሮና ሰሊጥ ያለበት ዳቦ ገዛሁ። ቤት ስገባ ከእኔ ቀድማ ገብታለች፤ ሌላ ቀን ከእኔ በኋላ ነው የምትመጣው። ቤቱን የቁሌት ሽታ ሞልቶታል። ዶሮ ወጥ ሠርታለች፣ በሰንበት ሳይሆን በአዘቦት ቀን።

«ምነው ዛሬ?» አልኳት።

«አማረኝ» አለች። የያዝኩትን ከረጢት አየች። «አንቺስ ምነው?»

«አማረኝ።»

ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አቀረብን። «ብይ» እላታለሁ፤ «አንቺ ብይ» ትለኛለች። የዶሮውን ፈረሰኛ አንሥቼ በእሷ በኩል አስቀመጥኩ፤ መልሳ በእኔ በኩል አደረገችው። ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አጉርሳኝ አታውቅም፤ የሁለታችንም ዓይን አፋርነት ነው። ጉርሻውን በውሃ አወረድኩት። እንዳትጠረጥረኝ ብዬ ሌላ ጨመርኩ። እኔም አጎረስኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ረቡዕ ነው፤ ወደ ጎንደር የምንደውልበት ሰዓት ደርሷል። ደውይልኝ ብትል ምን ብዬ እመልሳለሁ እያልኩ ነፍሴ ተጨነቀች። እናቴ ስልኩን አንሥታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ደክሞሻል፤ ስልኩ ይቅር። ግቢና ተኚ» አለችኝ።

እግዚአብሔር አወጣኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ጎህ ሊቀድ ሲል በሩ ተንኳኳ። እናቴን ቀድሜ ልይዛት ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። እሷ ግን ቀድማኝ ተነሥታለች፤ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች። አየሁት፣ ግን አልገባኝም። በሩን ከፈተች። ሽማግሌው ገቡ፤ ከኋላቸው ሌሎች ሽማግሌዎችና ሁለት የሰፈር ሴቶች። እናቴ እንዳትወድቅ ትከሻዋን ልይዝ ሄድኩ። ሴቶቹ ግን ወደ እሷ አልሄዱም። በግራና በቀኝ መጥተው የእኔን ክንድ ያዙ።

ሽማግሌው በእኔ ላይ አሻግረው እናቴን አዩዋት።

«በልታለች?» አሏት።

«በልታለች» አለች እናቴ። «ማታ፣ በእጄ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እናትሽ ከትናንት ጠዋት ጀምራ ታውቃለች። ከጎንደር የጎረቤት ልጆች በስልክ ነገሯት፤ አንድም ሰው አጠገቧ ሳይኖር፣ አሮጊቷን ቁርስ ስታበላ። ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ መጣች። ‹እህቴን ኋላ አለቅሳታለሁ፤ ለልጄ እንዲህ እንዳይሆን፤ መርዶዋን በወግ ትረዳልኝ› አለችኝ። ወግ ነውና መጣን። ያሳደገችሽ እማሽ አርፋለች።»

መርዶውን ከሚረዱት ውስጥ የእናቴ ስም ያልነበረው ለዚህ ኖሯል። «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል፤ ያን ጠዋት ቤታችን ውስጥ የሆነው እሱ ነው። ሆኖም አውቀው የነበረውን ነገር ከሰው አፍ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ። ቀን ሙሉ፣ ማታም በአንጀቴ ይዤው የነበረው ጩኸት ወጣ። ሴቶቹ ይዘውኝ ስለነበር ወለሉ ላይ አልወደቅሁም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በአንዲት ጣታቸው «ይውጣ» አሉት። ረፋዱ ላይ ደረጃው በሰው ሞላ፤ ወንበሮቹን ከሚቅላቱ ተሸክመው አመጡ። ወንድሞቼም ደረሱ። እኔና እናቴ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ እንባዋ ይፈሳል እንጂ ድምፅ አላሰማችም፤ እኔን እየጠበቀች ነበር። ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ማታ ስትበዪ አየሁሽ» አለችኝ። «ርቦሽ አልነበረም። ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። ሥራ ቦታ፣ ማሕሼቩ ላይ አየሁት።»

«ማን ነበር አጠገብሽ?»

«ማንም።»

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝና ደረቷን መታች። «ልጄ ብቻዋን! ወይኔ ልጄ ብቻዋን!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኞቹ ለእህቷ የምታለቅስ መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ።